የባሕር ምላስ በአምቦ ውሃው

ዳንግላ ውስጥ ባጃጅ የፈረስ ጋሪን ከረታው ቆይቷል፤ ባዘዘው ግን ወሬውን እንዳልሰማ ሰው አሁንም በየማለዳው ዳማ ፈረሱን ጠምዶ ይወጣል። ባለባጃጆቹ ጎረምሶች «ጋሼ ባዘዘው፣ ነዳጅ ተወደደ አሉ፤ ዳማው ምን ሊበላ ነው?» እያሉ ያሾፉበታል። እሱም «የእናንተን ወሬ ይብላ፤ በዚህስ አይራብም» ይላቸውና ያልፋል። ሳምንቱን ሙሉ ድንች፣ ከሰል፣ አንዳንዴም አከራይ ያባረረው ሰው ከነጓዙ ያመላልሳል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን ጋሪው ለማንም አይከራይም። እሁድ የእትዬ ይመኙሽ ነው።

እትዬ ይመኙሽ ገበያው ዳር ጨው የሚሸጡ፣ ከባዘዘው ጥቂት ዓመት ከፍ የሚሉ፣ ወገባቸው ገና ያልጎበጠ ሴት ናቸው። እሁድ እሁድ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በመሐረብ ጫፍ አንድ ጭብጥ ጨው ቋጥረው በራቸው ላይ ይጠብቁታል። ደግፎ ያሳፍራቸዋል። ከተማውን ወጥተው ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ጥግ ጥግ ቁልቁል ሲወርዱ አምቦ ውሃው ይገኛል። አምቦ ውሃው ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነው፤ ከጭቃው ሥር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ ዳር ዳሩን ዝገት የመሰለ ነገር ይዞታል፣ ያገሩ ከብት ሁሉ ይወደዋል። እትዬ ይመኙሽ እዚያ ቁጢጥ ብለው ጨዋቸውን ይበትናሉ፤ ጣታቸውንም ጭቃው ውስጥ ይሰዳሉ። ባዘዘው ከኋላቸው ቆሞ አንዲት ቃል ይጠይቃል።

«አለ?»

«አለ» ይላሉ። ከዚያ ተመልሰው ይሳፈራሉ። ይኸው ነው።

ይህን ያየ መንገደኛ ሁለቱም ለይቶላቸዋል ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከዳንግላ በጣም ርቆ፣ ምጽዋ ላይ ነው።

ሽመክት የእትዬ ይመኙሽ ታናሽ ወንድም ነበር። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እህትም እናትም ነበሩ። ባዘዘውና ሽመክት ጎረቤት ሆነው አደጉ፣ አንድ ዴስክ ላይ ተማሩ፣ ጢማቸው ሳይጠና ባሕር ኃይል ገቡ። ከዚያ በፊት ባዘዘው ያየው ትልቁ ውሃ የጥርባ ሐይቅ ነበር፤ ባሕሩን ባየ ዕለት ወዲያ ማዶው የት አለ ብሎ ጠይቆ ብዙ ተስቆበታል። ሽመክት ደግሞ ከባሕሩ ይልቅ ጭቃውን ወደደው። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ሱሪውን ጠቅልሎ ይገባና ጎንበስ ብሎ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ በጥፍር የተጫረች የምትመስል ስንጥቅ። ከስንጥቋ ሥር አንድ ፍጥረት ይኖራል። ሁለት ስስ፣ አረንጓዴ አረንጓዴ የሚሉ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ቅርፊቶች አሉት፤ ከሥራቸው ጣት የሚያህል የሥጋ ጅራት ወርዶ ጭቃውን ጨብጧል። ሲነኩት እልም ብሎ ወደ ታች ይገባል። ዝም ብለው ሲጠብቁት ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወጣል። ሁለቱ ልጆች የባሕር ምላስ አሉት። አንድ የአገሩ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ «ይህ ዓሣም ሰውም ሳይኖር ነበር፤ ምንም አይነቅለውም» ብሎ ከነገራቸው ወዲህማ ሽመክት ከዚያ ጭቃ የሚወጣው ፊሽካ ሲነፋበት ብቻ ሆነ።

አንድ ሰሞን ባዘዘው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ በወፍ በሽታ ወደቀ፤ አገሩ ገብቶ እንዲያገግም ፈቃድ ተሰጠው። የሚሄድበት ቀን ሽመክት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ውስጡ ጭቃ፣ የባሕር ውሃና ጥቂት የባሕር ምላሶች አሉ። «ለእቴ ስጥልኝ» አለው። «ይህ ካለ እኔም አለሁ በልልኝ።» ሳምንታት አልቆዩም፣ ጦርነቱ ምጽዋ ገባ። ሽመክት የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ሞቷል ብሎ የሚመሰክር አልተገኘም። ያየ ሰው ከሌለ መርዶ የለም፤ መርዶ ካልተነገረ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። እትዬ ይመኙሽ ጥቁር አልለበሱም፣ እርማቸውን አላወጡም። በጨዋታ መሐል የሽመክት ስም ተነሥቶ አንዱ «ነፍሱን ይማርና» ካለ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሥተው ይሄዳሉ። ሰዉም ለመደውና ዝም አለ።

ቆርቆሮው የደረሰ ሰሞን ግን ጭንቅ ነበር። የባሕር ምላሶቹ የት ይኑሩ? ባዘዘውና እትዬ ይመኙሽ ተቀምጠው መከሩ። ባሕር ጨው ነው፤ አምቦ ውሃውም ጨው ጨው ይላል፤ እንግዲያ አምቦ ውሃው የባሕር ዘመድ ነው። አንድ ሕመምተኛ መርከበኛና አንዲት ጨው ሻጭ ተማክረው ከዚህ ሌላ ምን ሊያመጡ ኖሯል? ወስደው ከጭቃው አኖሯቸው። ምንጩ ሳስቶ እንደሆነ ብለው ደግሞ እትዬ ይመኙሽ ከሚሸጡት ጨው ያክሉበት ጀመር። በሚቀጥለው እሁድ ባዘዘው ሲያይ ጭቃው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ቀዳዳው ጠፍቶ አያውቅም።

ባዘዘው ወደ ጦሩ አልተመለሰም፤ የሚመለስበትም አልቀረም። ጋሪ ገዛ፣ ትርሲትን አገባ፣ ልጆች ወልዶ ዳረ። ዕድሜ እንዲህ እንደ ዋዛ ይሄዳል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ አንድ ወሬ መጣ። የአካባቢው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አምቦ ውሃውን በሲሚንቶ ሊገነባው፣ ለከብቱም ገንዳ ሊሠራለት ነው። ሰኞ ጭቃው ተዝቆ ይወጣል። ገበሬው ሁሉ ደስ አለው፤ በየዓመቱ ማጥ ውስጥ የሚቀረውን ላም በገመድ መጎተት መሮታል። ደስ ያላለው ባዘዘው ብቻ ነበር። የእትዬ ይመኙሽ ወንድም በዶማ ሊዛቅ ነው ብሎ አሰበና የቀረበለትን እንጀራ ትቶ ተነሣ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሜላት የምትባል ወጣት የባዮሎጂ መምህር አለች። አመሻሽ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጠጋ አላት።

«ሜላትዬ፣ ከጭቃ የማይወጣ ፍጥረት ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ ቢያዛውሩት ይድናል? ጥርባ ድረስ ልወስደው አስቤ ነው።»

«ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ጋሼ?»

ነገራት። ቅርፊቱን በጥፍሩ አሳያት፣ ጅራቱን በጣቱ፣ ሽሽቱን በክንዱ። ልጅቷ የያዘችውን ልብስ ገመዱ ላይ ጥላ ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርኩ እስኪመጣ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ሥዕሉ ሲወጣ ባዘዘው ጮኸ።

«እሱ ነው! እሱ ራሱ!»

«ሊንጉላ!» አለች ሜላት፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ጋሼ፣ ይህን የት ነው ያዩት? ይህ እኮ ዳይኖሰር ሳይፈጠር፣ እኛ ያለንበት ተራራ ሁሉ ገና ከመሬት ሆድ ሳይወጣ የነበረ ዘር ነው። በድንጋይ ውስጥ የሚገኘው የጥንቱና ዛሬ ጭቃ ውስጥ ያለው ብዙም አይለያዩም። ሕያው ቅሪተ አካል ይሉታል። ስንቱ ፍጥረት ከምድር ሲጠፋ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አሳለፈው።»

«አይሞትማ!» አለ ባዘዘው። እንባው መጣ። «አላልኩም? አይሞትም!»

የመምህሯ ደስታ በረድ አለ። «ዘሩ ነው ጋሼ። ያልጠፋው ዘሩ ነው። እያንዳንዱማ ጥቂት ዓመት ቢኖር ነው። ደግሞ ከባሕር ውጭ አይኖርም።»

«ጨው ቢጨመርበትም?»

«ጨው ቢጨመርበትም» አለች፤ ለምን እንደሚጠይቃት ሳታውቅ ሆዷ ባባ።

ባዘዘው ዳማው አጠገብ ሄዶ ቆመ። አምቦ ውሃው ዓይኑ ላይ መጣበት። ከሥር ቡልቅ የሚለው አየር ጭቃውን በስቶ ሲወጣ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ዘመኑን ሁሉ ያየው ቀዳዳ ይኼ ኖሯል። ታዲያ የእትዬ ይመኙሽ ጣት የሚነካው ምንድን ነው? ሰው የሚወደውን የሚፈልግ ጣት ምን የማይነካው ነገር አለ ብሎ አዘነላቸው። ሰኞ ዶማው ሲገባ ባዶውን ጭቃ በሰው ሁሉ ፊት ሊያዩት ነው። ከዚያ በፊት እሁድ ለብቻቸው ከእሱ አፍ ይስሙት። እንዲህ ቆረጠ፤ መቁረጡንም ወዲያው ፈራው። በዚህ ዕድሜያቸው ወንድማቸውን ሲነጥቋቸው ያን ቀጥ ያለ ወገብ ምን ያቆመዋል? ገድዬአቸው ብመለስስ?

እሁድ ጉም ወረደ። ኢንጅባራ በኩል የተነሣው ጉም ሜዳውን፣ ደኑን፣ የቤቱን ቆርቆሮ ሁሉ ዋጠውና ከጋሪው ፊት የዳማው ጆሮ ብቻ ቀረ። መንገዱ አይታይም፤ መንኮራኩሩ ሲዞር ይሰማል እንጂ መሬት የነካ አይመስልም። ሁለቱ ሰዎች በነጭ ነገር ላይ ተንሳፍፈው የሚሄዱ ይመስል ነበር። አንድ ቦታ ላይ የማትታይ ላም ጮኸች፤ ሌላ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ተሰማ። ባዘዘው ልናገር ብሎ አፉን ሲከፍት ጉሙ ይገባበታል። መልሶ ይዘጋዋል።

«ዛሬ ምን ሆነሃል?» አሉት እትዬ ይመኙሽ።

«ምንም፤ ብርዱ ነው።»

«እንግዲያው ስለ ባሕሩ አጫውተኝ። ከነገ በኋላ ወዲህ መምጣታችንም እንጃ።»

አጫወታቸው። ባሕሩ ሲሸሽ መርከቦቹ በጎናቸው ጋደም እንደሚሉ፣ ጭቃው በፀሐይ እንደሚያበራ፣ ሌሊት ውሃው ሲመለስ የሚያሰማው ሹክሹክታ የብዙ ሰው ጸሎት እንደሚመስል። ሲያወራ ጉሙ ባሕሩን ሆነለት፤ የዲከረንሱ ጫፎች የመርከብ ምሰሶ መሰሉት፤ ሽመክትም ከዚያ መሐል ሱሪውን ጠቅልሎ ሊወጣ የቀረው እርምጃ ብቻ ሆነ። ከዚያ ምን እንደነካው አያውቅም፣ ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ።

«የመጣሁ ዕለት ሊሸኘኝ ሲመጣ እግሩን እንኳ አልታጠበም ነበር፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ። መኪናው ሲነሣ 'ውሃውን ቀይርላቸው! ውሃውን ቀይርላቸው!' እያለ ከኋላ ሮጠ። እኔ አልዞርኩም እትዬ። ቆርቆሮውን አቅፌ ወደ ፊት ነበር የማየው። ታምሜ ነበር፤ ግን አገሬ ልገባ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ብዞር የምወርድ መሰለኝ። እስካሁን በሕልሜ እንኳ ፊቱን አላየውም፤ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው።»

እትዬ ይመኙሽ ዞር ብለው አዩት። ብዙ አዩት። ጉሙ ሽፋሽፍታቸው ላይ ጤዛ ሠርቷል። «አሁንም ትሰማዋለህ?» አሉት።

«በየቀኑ» አለ።

እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ፤ አምቦ ውሃው እስኪደርሱም አላነሡትም።

ምንጩ ጋ ሲሚንቶው ተራግፎ በላስቲክ ተሸፍኗል። እትዬ ይመኙሽ ያንን እንዳላዩ አልፈው ቁጢጥ አሉና ጨዋቸውን በተኑ። ጣታቸውን ሰደዱ። ባዘዘው አሁን ልንገራቸው ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከአፉ የወጣው ግን የለመደው ነገር ነበር።

«አለ?»

ጭቃውን ከጣታቸው በቀስታ አጠቡ። «አለ» አሉ፤ ድምፃቸው የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ባዘዘው ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣቸው። ፈሪ ነህ፣ ዛሬም አልዞርክም አለ ለራሱ።

በራቸው ላይ ሲወርዱ «ነገ በጠዋት ጋሪህን እንዳትጠምድ» አሉት። «ከቤት ጠብቀኝ። እኔ ነኝ የምመጣው።»

ሲዛቅ ሊያዩ ፈልገው ነው ብሎ ፈራ። ዳማውን ሣር ሲያበላ አምሽቶ ቤቱ ሲገባም ነገሩ ሁሉ አላምርህ አለው። ትርሲት ያለወትሮዋ እሁድ ግቢውን ጠርጋ ውሃ ረጭታበታለች። ከግድግዳው ሥር የጎረቤት አግዳሚዎች ተደርድረዋል። «ምንድን ነው ይኼ?» ሲላት «የማኅበር ነው፤ አደራ ብለውኝ ነው» አለችና ሳህኑን ሞላችለት። «ብላ እስቲ፣ ደህና አድርገህ ብላ።» ሜላት ስታልፍ ሰላም አለችው፤ ዓይኗን ግን መሬት ላይ ጣለች። ሁሉም ስለ እትዬ ይመኙሽ ሰምተው አዝነዋል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ጠዋት ያልነገርኳቸውን ነገ እንዴት እነግራቸዋለሁ እያለ ተኛ። በሕልሙ ባሕሩ ዳንግላን ሸፍኖ ሲሸሽ፣ አስፋልቱም ገበያውም ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ አየ፤ በየቀዳዳው ሥር አንድ የሚጠብቅ ነገር ነበር፣ እሱ ጋሪውን የሚነዳበት ቦታ አጥቶ ቆሟል።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ትርሲት ቀድማ ለብሳ ነበር፤ ከፈተች። ባዘዘው ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ ግቢው ሰው ሞልቶታል። የእድሩ ዳኛ አቶ ይኸነው ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል፣ ደርበው የሚባለው ጎረቤቱ አለ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እንዲህ ሆኖ በማለዳ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ባዘዘው ልጆቹን አንድ በአንድ አሰበ፤ ትናንት ሁሉም ደውለዋል። ወንድምም እህትም የለው። ማን ሞተበት?

አቶ ይኸነው ሊናገሩ ሲሉ እትዬ ይመኙሽ ከሴቶቹ መሐል ወጡ። ከእግር እስከ ራሳቸው ጥቁር ለብሰዋል።

«ይተዉት፣ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። ቀርበው ሁለት እጁን ያዙት። «ባዘዘው፣ ወንድምህ ሽመክት ሞቷል። ምጽዋ ላይ ሞቷል። እርምህን አውጣ።»

አፉን ከፍቶ አያቸው። «እትዬ... እኔ እኮ ለእርስዎ... እርስዎ እንዳይጎዱ...»

«እኔማ በዚያው ዓመት ነው ያወቅሁት» አሉት። «ክረምቱ ሳይገባ የባሕር ምላሶቹ ቅርፊት ባዶውን ጭቃው ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ለቅሜ ቀበርኩት፤ ለብቻዬ ሜዳው ላይ የወንድሜን አለቀስኩ። እሁድ ሲደርስ አንተ መጣህ። ገና ከበሽታህ አልተነሣህም፣ አንገትህ ቀጥኖ፣ ዓይንህ ገብቶ፣ አለ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። የለም የሚል አፍ ከየት ላምጣ? ይኼን ልጅም ልቅበር? አለ አልኩህ። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ መጣህ።»

«ጥቁር አልለበሱም እኮ!»

«ብለብስ ታይብኝ የለ?»

«ጨውስ? ያን ሁሉ ጨው?»

«ጨው እንደሆነ እሸጣለሁ» አሉ እትዬ ይመኙሽ። «ትናንት ግን በየቀኑ እሰማዋለሁ አልከኝ። አለ ባልኩህ ቁጥር ከኋላህ እንዲሮጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ጭቃው ይወጣል። ባዶውን ከምታየው ከእኔ ስማው ብዬ እነዚህን ሰዎች ትናንትናውኑ ቀሰቀስኩ።»

አቶ ይኸነው፣ ሥርዓት ነውና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያየ ምስክር እንኳ አልነበረም» አሉ።

«ምስክሯ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ይመኙሽ። «ቢኖር ይመጣ ነበር። ሽመክት እኔን ትቶ የሚቀር ልጅ አይደለም። ባዘዘውንም ትቶ የሚቀር አልነበረም።»

ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ማልቀስ ይችላል ብሎ ማንም አላሰበም ነበር፤ ባዘዘው የሽመክትን ስም እየጠራ፣ ወንድሜ እያለ፣ ደረቱን እየመታ አለቀሰ፤ ደርበው ክንዱን ይዞ ዋለ። ሴቶቹም ተቀበሉት። ሜላት በክፍሏ ደጃፍ ቆማ ለማታውቀው ሰው ሞት አነባች።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ምንጣፉ ተነጠፈ። አቶ ይኸነው የሐዘንተኛውን መቀመጫ ለእትዬ ይመኙሽ አሳዩ፤ የሥጋ ዘመዱ እሳቸው ናቸውና። እሳቸው ግን ባዘዘውን በክንዱ ይዘው ወስደው እዚያ አስቀመጡት፤ ራሳቸው ከሴቶቹ ጋር ዳር ሄደው ተቀመጡ። ማንም አልተከራከራቸውም። ቀኑን ሙሉ የዳንግላ ሰው እየገባ፣ አንዳንዱ ሽመክት ማን እንደነበር ሳያውቅ፣ ባዘዘው ፊት ጎንበስ እያለ አጽናናው። ባዘዘው እያለቀሰ ተቀበለ።

ሰዉ ሳሳ ሲል እትዬ ይመኙሽ ከዳር ተነሡ። እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ መጥተው ፊቱ ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ወንድሜ» አሉት።

«አሜን» አለና ከጎኑ ቦታ ለቀቀላቸው።